በሥዕሏ ላይ ያላረፈ ሕመም

በቅርቡ ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ ረዳቱን «ኧረ ይሄን መስኮት ዝጋልን፣ ብርዱ ጨረሰን» ስለው፣ ከፊቴ የተቀመጡ አንዲት ሴት ዞር ብለው ትኩር ብለው አዩኝ።

«አንቺ ያችው አይደለሽም?» አሉኝ።

«የቷ?»

«ሳጥኑ ውስጥ ሆነሽ የት ነው የሚያምዎ ያልሽኝ!»

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። ሴትዮዋ ግን አልሳቁም። እጃቸውን በወንበሩ ላይ አሻግረው ጨበጡኝና ጉልበታቸው እንደተሻላቸው፣ ልጃቸው እንደወለደች፣ ላሟ እንደነጠፈች ሁሉንም ነገሩኝ። ከዚያ በፊት ፊቴን አይተውት አያውቁም። ድምፄን ግን እንደ ጎረቤት ያውቁታል።

«ሳጥኑ» ታብሌት ነው። በነርስነት ሥራዬ የመጨረሻ ዓመታት፣ ሕመምተኞች ሕመማቸውን እንዲገልጹ የሚረዳ አንድ የኮምፒውተር ፕሮግራም ስንሠራ፣ በአዊኛም በአማርኛም የሚጠይቀው ድምፅ የኔ እንዲሆን ተደረገ። እኔ ጡረታ ወጥቼ እቤቴ ድንች እልጣለሁ፤ ድምፄ ግን እስከ ዛሬ ተረኛ ነው። ሰዎች «እንዴት እዚያ ውስጥ ገባሽ?» ሲሉኝ አጭር መልስ ስለሌለኝ ነው ይህን የምጽፈው።

ሥራ የጀመርኩት አዘና ጤና ጣቢያ ነው። አፌን የፈታሁት በአዊኛ ስለሆነ ከገጠር የሚመጣውን ሰው ቋንቋ አውቀዋለሁ። ሕመም ማዳመጥን ግን ያስተማሩኝ የጣቢያው አንጋፋ ነርስ ጋሼ ምንይችል ናቸው። ጋሼ ምንይችል ሕመምተኛ ሲገባ ፊት ለፊቱ አይቀመጡም። በርጩማቸውን ጎትተው ከጎኑ ይቀመጡና ሁለቱም ወደ ክፍቱ በር ያያሉ፣ መኪና እንደሚጠብቁ ሰዎች። እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከትተው ያሞቃሉ፤ በቀዘቀዘ እጅ የተነካ ሆድ እውነቱን አይናገርም ባይ ናቸው። ከዚያ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ገብሱ፣ ስለ ከብቱ ይጠይቃሉ። «የት ነው የሚያምህ?» ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። እሳቸው የሚጠይቁት «ምን አስቀረህ?» ብለው ነው።

አንድ ቀን ከፈረስ የወደቀ ጎልማሳ መጣ። እኔ ብጠይቀው ምንም እንዳልሆነ፣ ሚስቱ አስገድዳው እንደመጣ ነገረኝ። በኛ አገር ፈረሰኛ ከፈረስ መውደቁን ከሚናገር ቢሞት ይመርጣል። ጋሼ ምንይችል ከጎኑ ተቀመጡና ስለ ፈረሱ ቀለም፣ ስለ ኮርቻው፣ ስለ አረማመዱ አወሩት። ከዚያ «አሁንስ እንደ ድሮው ትወጣበታለህ?» አሉት። ሰውየው «ድንጋይ አስጠግቼ በቀኝ በኩል ነው የምወጣው» አለ። ፈረስ የሚወጣው በግራ በኩል ነውና፣ እሳቸውም የሞቀ እጃቸውን በግራ ጎኑ ላይ አሳረፉ። ጎድኑ ተሰብሮ ነበር።

«ሕመም ዓይን አፋር ነው» ይሉኝ ነበር። «ካፈጠጥሽበት ጓዳ ይገባል። አንቺ ያጎደለውን ነገር ተከትለሽ ሂጂ፣ እዚያው ታገኝዋለሽ።»

ከአዘና ወደ ጫግኒ ተዛወርኩ። ጫግኒ ሞቃት ነው፣ ገበያው ትልቅ፣ ሰልፉም ረጅም። አለቃዬ ቸኩሎ የሚሄድ፣ ቸኩሎ የሚበላ ሰው ነበር። «ሲስተር፣ እኛ ታሪክ ሰብሳቢዎች አይደለንም» ይለኝ ነበር። ክፉ ሰው ግን አልነበረም፤ በወባ ጊዜ በሩ ላይ የሚቆመውን ሕዝብ ያየ ይፈርድለታል። በርጩማ የሚጎተትበት ቦታም አልነበረም። ከዚያ በኋላ ዳንግላም ሠርቻለሁ። ስለ ደመወዝና ስለ ዝውውር ወረቀት አልጽፍም፤ የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል፣ ያልሆነው ደግሞ ቢነግሩትም አያምንም።

ታብሌቱ የመጣው በመጨረሻ በሠራሁበት ሆስፒታል ነው። ስሙን ትቼዋለሁ፤ የዞኑ ሰው አይጠፋውም፣ ለሌላው ደግሞ አይጠቅመውም። ፕሮግራሙን ይዞት የመጣው ናትናኤል የሚባል የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። የእንጅባራ ልጅ ነው፣ ቤተሰቦቹ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን አባላት ናቸው፣ አዊኛ ግን ከሰላምታ አያልፍም። የመጣበት ምክንያት ግልጽ ነበር። ከሐኪሞቹ ብዙዎቹ አዊኛ አይሰሙም፤ ስለዚህ የባላገሩን ሕመም የሚያስተረጉመው ልጁ ወይም ጎረቤቱ ነው። ሴት ልጅ በወንድሟ አስተርጓሚነት ስለ ማህፀኗ ምን ትናገራለች? ታብሌቱ ይህን ሊያቀልልን ነው ሲባል እኔ ከሁሉም በፊት እጄን አወጣሁ። በዚያ ዕድሜዬ ሥራዬን እንደገና ወደድኩት።

የመጀመሪያው ፕሮግራም ከውጭ የተቀዳ ነበር። ሕመምህን ከዜሮ እስከ አስር ስጠው ይላል። አንድ ሽማግሌ በደስታ አስርን ነኩና «አስር ከአስር፣ ዛሬ ደህና ነኝ» አሉ። ሌላው ዜሮን ነካ፤ ምነው ስለው «ጉልበቴ ባዶ ሆነ» አለኝ። የሚያመውን ቦታ የሚያሳዩበት ሥዕልም ነበረው፤ ጸጉርም ዓይንም የሌለው ግራጫ አካል። አንዲት ባልቴት አይተውት አማተቡና «ነፍስ ይማር፣ ማን ናቸው?» አሉ።

ናትናኤል ቁጥሩን አወጣው። በምትኩ ሰው ሥዕሉን ሲነካ ቀይ ክብ ይወጣል፤ ጣቱ በቆየ ቁጥር ክቡ እየሰፋና እየቀላ ይሄዳል። ትንሽ ያመመው ነካ አድርጎ ይተዋል፣ ብዙ ያመመው ጣቱን አያነሳም። ግራጫውን አካልም ጥሎ በከተማው ሠዓሊ አዲስ አሳለ። የሴቷ ሥዕል ጸጉሯ የተሠራ፣ አንገቷ ላይ ማተብ ያላት፣ ፈገግ ብላ የምታይ ቆንጆ ነበረች። ሠራተኛው ሁሉ ወደዳትና «ሙሽራዋ» ብሎ ስም አወጣላት።

ድምፁን የቀዳነው ዕቃ ቤት ውስጥ ነው። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ሲወርድ ምንም አይሰማምና ግድግዳውን በብርድ ልብስ ሸፍነን ዝናቡ እስኪያባራ እንጠብቅ ነበር። በአንደኛው ጥያቄ ላይ ከኋላዬ ዶሮ ይጮሃል፤ ልናጠፋው ብንሞክርም አልጠፋ ስላለን ተውነው። ሕመምተኞች ደግሞ ድምፄን ሲሰሙ ወደ ጥያቄው አይሄዱም፤ «ደህና ነሽ? ልጆችሽ ደህና ናቸው?» ብለው መልስ ይጠብቃሉ። መልስ ሲያጡ ይቀየማሉ። ናትናኤል ይህንን ሲያይ መጀመሪያ ላይ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ፤ እርስዎስ?» የሚል አስጨመረኝና ትንሽ ዝምታ አስገባ። ከዚያ ወዲህ ሰው ከታብሌቱ ጋር በደንብ ይጫወት ጀመር።

ሙሽራዋ ከመጣች ወዲህ ግን አንድ ነገር ያስቸግረን ነበር። ሰዎች ጣታቸውን የሚያሳርፉት ሥዕሉ ላይ ሳይሆን ከጎኑ፣ ባዶው ላይ ነው። ሁሉም አይደሉም፤ ወጣቶቹና የከተማዎቹ በትክክል ይነካሉ። ባላገሮቹ፣ በተለይ ትልልቆቹ፣ ዳር ዳሩን ነው። ጣታቸው በሥራ የደደረ ስለሆነ ነው አልን። ስክሪኑ ነው አልን። ናትናኤል ሥዕሉን አሳደገው፤ እነሱ ደግሞ ይበልጥ ወደ ዳር ሄዱ።

እማማ አትጠገብ የሚባሉ ባላገር በሰኔ የመጡት በዚህ ጊዜ ነው። በዚያ ቀን እኔ ሌላ ክፍል ነበርኩ። ከዳንግላ ወዲያ ካለ ገጠር ከአማቻቸው፣ ከልጃቸው ባል ጋር መጡ። ጀርባቸውን ለወራት ሲያማቸው ከርሟል። ሰልፉ ረጅም ነበር። ታብሌቱ ተሰጣቸው፣ ድምፄ ጠየቃቸው፣ እሳቸውም ከሙሽራዋ ጎን ባዶውን ነኩ። ፕሮግራሙ ባዶውን አይቆጥርምና ሐኪሙ ዘንድ የደረሰው «የሚያም ቦታ አልተመለከተም» የሚል ነው። አማችየው በአማርኛ «ሥራ በዝቶባቸው ደክሟቸው ነው» አለ፤ በሰው ፊት የሚያማርሩ ሴት አይደሉማ። ማስታገሻ ተሰጥቷቸው ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

መስቀል ካለፈ በኋላ በቃሬዛ መጡ። የቀበሌያቸው ሰዎች እስከ መኪና መንገድ ተሸክመዋቸው ነበር። እግሮቻቸው አልንቀሳቀስ ብለው እንደተዘረጉ ቀርተዋል። ያኔ የኛን ክፍል የያዘችው ዶክተር ወጣት ናት፣ ነገር ግን ቃሏን ትመዝናለች። መርምራ ስትጨርስ ወደ ጥግ ወስዳኝ «የአከርካሪ ቲቢ ነው» አለችኝ። «መድኃኒቱ ያድነዋል። መቆማቸውን ግን ቃል አልገባም፤ ቆይቷል።»

ቆይቷል የሚለው ቃል ወጋኝ። በሰኔ ጠይቋቸው የነበረው ድምፅ የማን እንደሆነ አውቃለሁና።

በማግስቱ ናትናኤልን ጠርቼ አብረን ከአልጋቸው አጠገብ ተቀመጥን። እሱም የሰኔውን መዝገባቸውን ከታብሌቱ አወጣና ከሙሽራዋ ጎን ያለውን ነጥብ አሳየኝ።

«እማማ» አልኳቸው በአዊኛ፣ «ባለፈው እዚህ ጋ፣ ከልጅቷ ጎን ነክተው ነበር። እስቲ አሁን እሷ ላይ በደንብ ያሳዩን።»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «አላሳይም።»

«ለምን እማማ?»

«ይቺ የሰው ልጅ አይደለችም?»

«ሥዕል እኮ ናት።»

«ሥዕልስ ብትሆን! ፈገግ ብላ እያየችኝ። ምን በደለችኝ ብዬ ነው ይሄን መከራ እሷ ላይ የማሳርፈው? እኔ ለጠላቴም አልመኘው።» ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ከጎኗ አሳይቼሽ ነበር እኮ፤ አስተዋይ ሰው ይገባዋል ብዬ» አሉኝ።

ቃላቸውን ለናትናኤል ተረጎምኩለት። እሱም ታብሌቱን ጭኑ ላይ አስቀመጠው። የኛ ሰው የሌላውን ቁስል ሲያወራ እጁ ወደ ራሱ ገላ ከሄደ «በኔ አያድርገው» ሳይል አያልፍም። ጋሼ ምንይችል የአንዱን ስብራት ሲያስረዱኝ ከዘራቸውን አንስተው «እግሩ ይሄ ነው እንበል» ይሉኝ ነበር እንጂ፣ የራሳቸውን እግር አንድ ቀን አሳይተውኝ አያውቁም። ናትናኤልም «እናቴ ጸሎት ቤት ስለ ታመመ ሰው ስትናገር እጇ ወደ ራሷ ሊሄድ ሲል ትመልሰዋለች» አለኝ። ሁላችንም እናውቀው ነበር። ታብሌት ላይም የሚነካው ያው እጅ፣ ያው ሰው መሆኑን ግን አላሰብንም። ግራጫዋን ሬሳ ትተን ሕይወት ያላት ቆንጆ ስንሥል ደግሞ ነገሩን አባባስነው፤ ማን ጨክኖ ሙሽራ ላይ በሽታ ያሳርፋል?

ናትናኤል የድሮዎቹን ነጥቦች አንድ ባንድ አወጣቸው። ዳር ላይ የተነኩት ዝም ብለው የተነኩ አልነበሩም። አንዱ ከጉልበቷ ትይዩ ነው፣ አንዱ ከጡቷ ትይዩ፣ አንዱ ከጆሮዋ። የእማማ አትጠገብ ነጥብ ልክ ከወገቧ አጥንት ትይዩ ነበር፣ ትልቅና ደማቅ፤ ጣታቸውን ብዙ አቆይተውበታል። ሰዎቹ ሕመማቸውን ነግረውናል፤ ሙሽራዋን ሳይጎዱ። ያን ዕለት ከዳር የነኩትን ሰዎች ሁሉ በየቀበሌያቸው ማፈላለግ ጀመርን።

«የራሳቸው ፎቶ ቢሆንስ?» አለ ናትናኤል።

እማማን ጠየቅኳቸው። «የራሴ ከሆነማ የራሴ ነው» አሉ። ልታስታምማቸው የመጣችው ልጃቸው በነጠላ ከልላ ጀርባቸውን ገለጥ አደረገችና ናትናኤል ፎቶ አነሳቸው። ታብሌቱን ወደ ትራሳቸው አስጠጋሁላቸው።

«ይቺ ማናት?»

«እርስዎ ነዎት።»

በሕይወታቸው ጀርባቸውን አይተውት አያውቁም። ማን አይቶ ያውቃል? አከርካሪያቸው መሀል ላይ ጎብጦ ወደ ውጭ ወጥቷል። ብዙ አዩት። ከዚያ ጣታቸውን አነሱና ጉብታው ላይ አሳረፉ። ክቡ ቀላ፣ ሰፋ። እሳቸው ጣታቸውን አላነሱም። ክቡ ወገባቸውን ሞላ፣ ትከሻቸው ደረሰ፣ ጀርባቸው ሁሉ ቀይ ሆነ፤ እሳቸው ግን አሁንም አላነሱም። ናትናኤል ተነስቶ ወደ መስኮቱ ሄደ። እኔ እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ ነርስ አያለቅስም ያለው ማን ነው?

ከፊት በተነሳው ፎቶ ላይ ደግሞ አንድ ያልጠበቅነው ቦታ ነኩ፤ ብሽሽታቸውን። ይህንን በአማቻቸው ፊት እንዴት ይናገሩት ነበር? ዶክተሯ ስታይ ቶሎ በአልትራሳውንድ አሳየቻቸው፤ ከአከርካሪያቸው ተነስቶ ወደ ታች የወረደ መግል ተገኘ። ወደ ትልቅ ሆስፒታል ተላኩና መግሉ ተቀዳላቸው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እማማ አትጠገብ ግን አልደበቁም፤ የሚያሳዩበት ጠፍቶባቸው ነው እንጂ።

ከዚያ በኋላ ያለው መጠበቅ ነበር። የቲቢ መድኃኒት ትዕግሥት ይፈልጋል፤ እግር ደግሞ ከመድኃኒቱም በላይ። እኛ ጋ ተመልሰው በተኙባቸው ሳምንታት ጠዋት ስገባ መጀመሪያ የማየው የእግራቸውን አውራ ጣት ነው። አንድ ጠዋት «ልጄ፣ እስቲ እይልኝ፣ ሕልም ነው?» አሉኝ። የግራ እግራቸው አውራ ጣት ብርድ ልብሱን ትንሽ ከፍ አደረገችው። ዶክተሯን ጠርቼ ሦስታችን እንደ ልጅ ያችን ጣት እያየን ሳቅን። ይህም ሆኖ መቆማቸውን ቃል የሚገባልን አልነበረም። ወደ ቤታቸው የሄዱት ልጃቸው አዝላቸው ነው።

እሳቸው እቤታቸው መድኃኒታቸውን ሲወስዱ የኔ ጡረታ ደረሰ። ኬክ ተቆረሰ፣ ንግግር ተደረገ፣ ጋቢ ተሰጠኝ። የጡረታ ወረቀቱ ያስኬደኝን መንገድ ብናገር ሌላ ሰው ያሳምማል። ሙሽራዋም አብራኝ ወጣች፤ ናትናኤል በእሷ ቦታ የሕመምተኛውን የራሱን ፎቶ አስገባ። ድምፄን ግን አልቀየረውም፤ ዶሮውንም ቢሆን።

የእማማ አትጠገብ የመጨረሻ ቀጠሮ ቀን ናትናኤል ደወለልኝ። ጋቢዬን ደርቤ በባጃጅ ሄድኩ። ግቢው ውስጥ ቆሜ ስጠብቅ ሌላ ባጃጅ መጥታ ቆመች። መጀመሪያ ልጃቸው ወረደች፤ ልታዝላቸው ጎንበስ ስትል በእጃቸው ገፋ አደረጓት። ዱላቸውን መሬት ላይ ተከሉ፣ አንድ እግር አወረዱ፣ ሁለተኛውን አስከተሉ። ቆሙ። ጎብጠዋል፤ ጉብታው ከእንግዲህ አይመለስም። ግን በእግራቸው ነው ወደኔ የመጡት፣ ቀስ እያሉ፣ ዝናብ ያረጠበውን መሬት እየመረጡ። ሳምኳቸው፤ ከጉልበታቸው ጀምሬ ነው የሳምኳቸው።

ውስጥ ገብተን ናትናኤል አዲስ ፎቶ አነሳቸውና ታብሌቱን ሰጣቸው። ድምፄ ከውስጥ ሰላም አላቸው፤ እሳቸውም አጠገባቸው የተቀመጥኩትን እኔን ትተው ለእሱ አጸፋውን መለሱ። «የሚያምዎትን ቦታ ይንኩ» አለ ድምፄ።

ጀርባቸውን በፎቶው ላይ ብዙ አዩት። ከዚያ በጣታቸው ከትከሻ እስከ ወገብ፣ በጉብታውም ላይ፣ ቀስ ብለው ይዳብሱት ጀመር። ጣታቸው ባለፈበት ሁሉ ፈዛዛ ቀይ ነጥብ ተከተለ፤ ማሽኑ መዳበስን ከሕመም አይለይማ። ናትናኤል ደንግጦ አየኝ።

«እማማ፣ አሁንም ያምዎታል እንዴ?» አልኳቸው።

«ኧረ የለም ልጄ» አሉ ጣታቸውን ሳያነሱ። «ይቺ ጀርባዬ ይህን ሁሉ ቻለችልኝ እኮ። ላመስግናት ብዬ ነው።»